ከመቃኑ የወጣ እርሳስ

ላሊበላ፣ አንድ ጋራዥ በር ላይ የልጄ ባጃጅ እስኪሠራ ተቀምጬ ነበር። ሠራተኛው የባትሪ ጫፍ ለመበየድ እርሳስ አቀለጠ። ሽታው ሲደርሰኝ ልጅነቴን፣ ሙጃ በሚባለው አገራችን ያለውን ቤታችንን አስታወሰኝ።

የእናቴ ወንድም በማሳ ድንበር ጠብ በጎረቤታችን ተተኩሶበት፣ እደጃችን ላይ የሞተ ሰሞን ነው። ጥይቱ እሱን አልፎ ከበራችን መቃን ተሰክቶ ቀርቷል። አባቴ በቢላ ፈልፍሎ አወጣውና ካጠራቀመው አሮጌ እርሳስ ጋር በድስት አቀለጠው። እርሳሱ ፈስሶ ጥይት የሚሆንበት ቅርጽና ባዶ ቀለሆቹ አጠገቡ ነበሩ።

እናቴ ከል ለብሳ ከለቅሶው ድንኳን መጣች።

«ምን ልትሆን ነው?» አለችው።

«የወንድምሽን ደም ልመልስ ነዋ! በዚሁ በራሱ እርሳስ።»

አልጮኸችም። እምድጃው ዳር ቁጭ አለች።

«ከኛ ቤት ወጥቶ እነሱ ቤት ይገባል፤ ከነሱ ቤት ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። እኔ እንደሁ ሌላ ከል የምለብስበት አቅም የለኝም።»

እርሳሱ በእግሩ የሚሄድ መስሎኝ እግሬን ሰበሰብሁ።

አባቴ ድስቱን አወረደው። በማግስቱ በቄሱ በኩል ወደ ጎረቤታችን ሽማግሌ ላከ። እርቅ ወረደ። ግን ከዚያ ሰው ጋር ማዕድ በቀረበ ቁጥር አባቴ እህል አይወርድለትም ነበር።

አምና አባቴ ሲሞት ያ ጎረቤታችን በሽምግልናው ከዘራውን ጥሎ ቃሬዛውን ተሸከመ። ሰዎች ሊቀበሉት ቢሞክሩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አለቅም አለ።