በብዙወርቅ ቤት የሚጎተተው ነገር

ኮዬ ፈጬ ገና የጤፍ ማሳ በነበረ ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ አቃቂ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው በእኛ ረድፍ የማይታወቅ ነገር አልነበረም። የማን ወጥ እንዳረረ፣ የማን ባል ደመወዙን የት እንደጨረሰ ሳይመሽ ይዳረሳል። ብዙወርቅ ቤት ውስጥ ያለውን ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ብዙወርቅ የሐዲድ ሠራተኛው የበዛብህ ሚስት ናት። ድሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ፈታይ ነበረች፤ ስትስቅ የማሽኑን ጩኸት አሸንፋ ከዋናው በር ትሰማለች ይባልላት ነበር። ሦስተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ ግን ሥራውንም ሳቁንም ተወች። መስኮቱን በጭቃ መረገች፤ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፈች። ልጁ ክርስትና የተነሳው ጎህ ሳይቀድ፣ ከነጠላ ሥር ሳይወጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ወልደየሱስ የሚባል ልጅ እንዳለ ስሙን እንጂ መልኩን የሚያውቅ ጠፋ።

ቆይቶ ድምፁ መጣ።

ብዙወርቅ ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ፣ ቤቱ ከውጭ ተቆልፎ እያለ፣ ውስጥ አንድ ነገር መሬት ለመሬት ይጎተታል። ጭርር… ዝም። ጭርር… ዝም። እግር ያለው ነገር እንዲያ አይሄድም። ጠዋት ከምዕራቡ ግድግዳ ሥር ይነሳል፤ ቀትር ላይ መሀል ይደርሳል፤ ወደ ማታ ከምሥራቁ ግድግዳ፣ ከሐጀራ ሱቅ ጀርባ መጥቶ ይቆማል። ሰማይ ከደመነ የለም። ክረምቱን ሙሉ አልተሰማም።

ረድፉ መቼ ዝም ይላል! አንዷ «የጅብ ግልገል እያሳደገች ነው» አለች። ሌላዋ «ልጁማ ድሮ ሞቷል፣ የቀረው ጥላው ነው» ብትል እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ በማዶ በኩል መዞር ጀመረች። ከስልጤ መጥታ ሱቅ የከፈተችው ሐጀራ፣ «ከእኔ ሱቅ የታጣ ዓለም ላይ የለም» ባይዋ፣ «ጅኒ ከሆነ ሲደምን ለምን ይተኛል? የቀን ሠራተኛ ነው እንዴ?» ብላ አሳቀችን። ለብቻዋ ስትሆን ግን አትስቅም። ድምፁ የሚያበቃው የስኳር ጆንያዋን ካስደገፈችበት ግድግዳ ሥር ነዋ።

አንድ ቀን ከሰዓት ጆንያውን ገፋ አድርጋ በጭቃው ስንጥቅ አጮለቀች።

ጨለማ ነው። ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ፣ ምስማር በሳተበት ቀዳዳ፣ አንዲት የብርሃን ዘንግ ወርዳ መሬቱ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ሠርታለች። አጠገቧ ሦስት ዓመት ሊሞላው የደረሰ ልጅ አለ፤ ግንባሩ የገዘፈ፣ እንደ ሊጥ የገረጣ፣ እግሮቹ እንደ ቀስት የጎበጡ። በቂጡ እየተሳበ ብርሃኗ ላይ ይደርስና ጉንጩን ያስተኛባታል። ትሸሸዋለች። ይከተላታል። ጭርር… ዝም።

«ማሻአላህ» አለች ሐጀራ፣ ዓይኗ እንዳይጎዳው። ልጁ ዞረ። በስንጥቁ የምትገባውን ብርሃን የጋረደበት ምን እንደሆነ ሊዳብስ እጁን ወደ ዓይኗ ዘረጋ።

ብዙወርቅ ከቦኖ ስትመለስ ሐጀራ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ብዙዬ፣ ልጅሽን አየሁት።»

እንስራው ወድቆ ተሰበረ። «በየትኛው ዓይንሽ?»

«በአንዱ ብቻ። ቀዳዳው ጠባብ ነው።»

«ገደልሽብኝ!»

«መቆም እንኳ አይችልም እኮ! ምን ታበይዋለሽ?»

«ቅቤ! ወተት! የእንቁላል አስኳል! እኔ ሽሮ እየላስኩ!» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «የመጀመሪያውን ሰው ሁሉ አየው፤ ሲያምር አሉ፤ ሞተ። ሁለተኛዋን ደበቅኋት። እሷም እንዲህ ስትሳብ ከርማ፣ አንድ ክረምት ሳል ወሰዳት። በደንብ አልደበቅኋትም ነበር፣ ሐጂዬ። ያኔ መስኮቱን አልመረግሁትም።»

ይህ ከጅኒ ይልቅ ያስፈራት ሐጀራ ሱቋን ቆለፈች። ሄዳ የክሊኒኩን ድሬሰር፣ መርፌ ወጊውን አምባውን፣ ይዛው መጣች። ረድፉ ዶክተር ይለዋል። ብዙወርቅ በሩ ላይ ተገተረች።

«ዶክተር፣ ሳያዩት ይመርምሩት።»

አምባው ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው። ዓይኑን ጨፍኖ ገባ። የልጁን የእጅ አንጓ ዳበሰ፤ አብጧል። ደረቱን ዳበሰ፤ ከቆዳው ሥር፣ የጎድን አጥንቶቹ ጫፍ ላይ፣ ድቡልቡል ነገሮች እንደ መነኩሴ መቁጠሪያ ተደርድረዋል።

«እትዬ ብዙወርቅ» አለ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ «ምግቡ ደግ ነው፣ አይቅር። አጥንት የሚያጸናው ቫይታሚን ግን በምግብ ጥቂት ነው የሚገኘው። የቀረውን ቆዳችን ነው የሚሠራው፣ ፀሐይ ሲነካው። ልጁን የራበው ፀሐይ ነው።»

«በመጨረሻ ከእኔ ሱቅ የታጣ ነገር ተገኘ» አለች ሐጀራ ከደጅ።

«ባይወጣስ?» አለች ብዙወርቅ።

«ይህ ደረት ልፍስፍስ ነው። ሳል ከያዘው መተንፈስ ያቅተዋል።»

«እንደ እህቱ» አለች እናትየዋ። ይህን የነገራት የለም፤ ራሷ ናት ያለችው።

አምባው የዓሣ ዘይት ሰጣት፤ በየጠዋቱም እጅና እግሩን ገልጣ ጥቂት ፀሐይ እንድታስመታው አዘዘ።

«ፀሐዩ ያለው ደጅ፣» አለች ብዙወርቅ፣ «ዓይኑም ያለው ደጅ።»

ሐጀራ በየቤቱ ዞረች። «ጠዋት የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ በራችሁን ዝጉ። ያጮለቀች ከእኔ ጨው አትገዛም!» የእኛን ረድፍ አትይ ማለት ዶሮን አትጫሪ ማለት ነው። ቢሆንም ተዘጋ።

ጡሩምባው ይነፋል፤ በር ሁሉ ጠርቀም፣ ጠርቀም ይላል። ድምፅ ይጠፋል። ከገላን ከሰል ጭኖ የመጣው ለሜሳ መንደሩ ጭር ብሎ ቢያገኘው፣ ወረርሽኝ ሰውን የፈጀው መስሎት አህዮቹን ከመታጠፊያው መልሶ ነዳ። እኛ ግን ከየበሩ ጀርባ ቆመናል፣ ትንፋሻችንን ውጠን። ማየት ተከለከልን እንጂ መስማት ማን ከለከለን? ጭርር… ዝም። በጋው ገፋ። ጭርር… ዝም።

አንድ ጠዋት ጭርርታው ቀረ። እናቴ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ አማተበች። ከአጥሩ ማዶ ሐጀራ ዱዓ ስታደርግ ይሰማል።

ጠብ። ዝም።

ጠብ… ጠብ። የእግር ኮቴ።

ከዚያ ሳቅ መጣ፤ የማሽን ጩኸት የሚያሸንፈው፣ የዱሮው ሳቅ። በዚያ ረድፍ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ በሩን ገርበብ ያደረገ አንድ ሰው አልነበረም።