ፋኖሱ አጠገብ የቆመው

ባለቤቴ ሆስፒታል የሄደ ዕለት የቪዲዮ ጨዋታውን ባለበት ፖዝ አድርጎት ነው የወጣው። «ስመለስ እቀጥላለሁ፣ እንዳትዘጊው» አለኝ። አልተመለሰም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማችን በለቀስተኛ ሲሞላ፣ የሐዘን ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትምና፣ ከማኅበራችን አንዷ የጨዋታውን ማሽን ከሶኬት ነቅላ የሻይ ማፍያውን ሰካችበት። እንዳይነቀል የነገራት ሰው አልነበረም። እኔም መነቀሉን ያየሁት የተዋስናቸው ወንበሮች ከተመለሱ በኋላ ነው።

ጨዋታው ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ ትንሽ ሰውዬ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ተራራ ይወጣል። ከሳተ ይወድቃል፤ ሲወድቅ መጨረሻ ወደ ነካው ፋኖስ ይመለሳል። ፋኖሶቹ ደግሞ የተራራቁ ናቸው። ባለቤቴ ታክሲ መንዳቱን ካቆመ ወዲህ ከሰዓት በኋላውን የሚያሳልፈው በዚሁ ነበር። ጣቱ ሲደክመው ሌሎች ተጫዋቾች ኢንተርኔት ላይ የጻፉትን አስተያየት ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብልኛል።

«ይኼኛው፣ ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ፋኖስ ያሳነሱት ሰው ስለሚጠሉ ነው ይላል።»

«እውነቱን ነው።»

«አንቺ ዝም በይ። ሊፍት ሲበላሽ ሁለተኛ ፎቅ መውጣት የሚያቅትሽ ሴትዮ።»

አንዱ ሙዚቃውን ያመሰግናል፣ ሌላው የሰውዬው እግር ያዳልጣል ብሎ ያማርራል፣ ሌላው ግማሽ ላይ ትቶ ገንዘቤን መልሱ ይላል። በዚህ በመጨረሻው ይናደድ ነበር። «ያልጨረሰ ሰው ምን አስተያየት አለው?» ስለዚህ እሱ ራሱ አንድም ቀን አልጻፈም።

አርባው ካለፈ በኋላ ልጄ ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ መጣች። ማሽኑን እንድትሰካው ጠየቅኋት። የፈራሁት የደረሰበት ጠፍቶ ሰውዬውን ከተራራው ሥር እንዳላገኘው ነበር። ሲበራ ሰውዬው አንድ ፋኖስ አጠገብ ቆሟል፤ ከፊቱ የተሰበረ ድልድይ አለ። ድልድዩን አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ሲሰድበው የከረመ ድልድይ ነው።

«ማሚ፣ ልሞክረው? ኦኬ ነው?»

«ሞክሪው።»

ወደቀች። ደግማ ወደቀች። አስተያየት ሰጪዎቹ የሚያማርሩት ይኼንኑ ነበር፣ ሁልጊዜ እዚያው መመለስን። እኔ ግን በወደቀች ቁጥር ቀለል ይለኝ ጀመር፤ ቦታው አልጠፋም።

«አባትሽ እንኳ ሲወድቅ ይሳደብ ነበር» አልኳት። «አንቺ ዝም ብለሽ ነው የምትወድቂው።»

ሳቀች። ከዚያ ድልድዩን ተሻገረች። ቀጣዩ ፋኖስ ጋ ስትደርስ ግን ጣቷን ከመቆጣጠሪያው አነሳች።

«ይኼን ከነካሁት የዳዲ ቦታ ይጠፋል። ሴቭ አድርጎ የሚይዘው የመጨረሻውን አንድ ፋኖስ ብቻ ነው።»

ማሽኑን አጥፊው ብላት ሰውዬው ከድልድዩ ማዶ አባቷ ወደተወበት ፋኖስ ይመለሳል፣ እኔም በፈለግኩ ጊዜ ከፍቼ አየዋለሁ። ልጄ አላጣደፈችኝም።

«አባትሽ ሳይጨርሱ የሚተዉትን አይወድም ነበር» አልኳት። «ንኪው።»

ፋኖሱ በራ። ከላይ ሌላ ድልድይ ይታያል። ልጄ መቆጣጠሪያውን እጄ ላይ አስቀመጠችና የትኛው ቁልፍ እንደሚያዘልል አሳየችኝ።