የግድግዳችን ስፖርተኞች

ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጄ ለትምህርት ቤት ሥዕል የምትለጥፍበት ማጣበቂያ አለቀባት። ጥቂት የስንዴ ዱቄት በውኃ በጥብጬ በጣሳ አፈላሁላት። ሽታው ቤቱን ሞላው። ለብ ያለ፣ ትንሽ የሚጎመዝዝ ሽታ ነው። ማንኪያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

"እማ፣ እያረረ ነው እኮ!" አለችኝ።

እኔ አጋሮ ነበርኩ።

አጋሮ የምንኖረው በአንዲት ክፍል ጭቃ ቤት ነበር። እናቴና አባቴ ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰዎች ናቸው። አባቴ በቡና መጋዘን ጆንያ ይሸከማል። ቤቱ የኪራይ ነው። የቤቱ ባለቤት በዚያው ግቢ የሚኖሩ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ፤ አማርኛና ኦሮምኛን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያወሩት። እኛ ልጆቹ አባባ እንላቸው ነበር።

ግድግዳው አፈር ያረግፍ ስለነበር አባቴ ከባለሱቅ አሮጌ ጋዜጣ በኪሎ ገዛ። ባለሱቁ ለስኳር መጠቅለያ ያስቀመጠው ነው። እንዳጋጣሚ ክምሩ አብዛኛው የስፖርት ገጽ ሆነ። እናቴ የዱቄት ሙጫ አፈላች፣ አባቴ ለጠፈ። የዓለም ስፖርተኞች እንዲህ አድርገው ቤታችን ገቡ።

ከበሩ ጀርባ አሜሪካዊው ቦክሰኛ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይደበቃል፣ ሲዘጋ ጓንቱን ደቅኖ ይመጣል። በመስኮቱ ትይዩ ኬንያዊው ሯጭ ነበር፤ ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የምታርፈው እሱ ፊት ላይ ነው። ብራዚላዊው ኳስ ተጫዋች እግር አልነበረውም፤ ወረቀቱ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሲደርስ ወለሉ ቀድሞታል። ጃፓናዊቷን መረብ ኳስ ተጫዋች አባቴ በችኮላ ገልብጦ ስለለጠፋት እሷን ለማየት አንገታችንን እናጣምም ነበር። የቡልጋሪያው ክብደት አንሺ ብረቱን ሽቅብ ይዞ ከጣሪያው ማገር ሥር ቆሟል። ወንድሜ "ቤቱን ደግፎ የያዘው እሱ ነው፣ ከደከመው አለቀልን" ይል ነበር።

አንዲት ጂምናስቲክ የምትሠራ የሶቪየት ልጅም ነበረች። እናቴ ጥቂት ቀን አየቻትና የቤተ ክርስቲያናችንን የቀን መቁጠሪያ አምጥታ እግሯ ላይ ሰቀለችባት።

"ምን አድርጋ ነው?" አላት አባቴ።

"ይበርዳታል" አለች እናቴ።

ወንድሜ ከእኔ በአራት ዓመት ይበልጣል። የማንበብ ፍቅሩ የመጣው ከዚያ ግድግዳ ነው። ሁሉንም በስም፣ በአገርና በስፖርት ዓይነት ያውቃቸው ነበር፤ እኔም ከእሱ ተማርኩ። ዛሬ ትልቁ ልጄ ስልኩ ላይ የድሮ ውድድር ሲያይ አልፌ ስሄድ ስም እጠራለሁ። "እማ፣ አንቺ ደግሞ ይህን ከየት አወቅሽው?" ይለኛል። የማውቀው ግን ግማሽ ግማሹን ነው። የጋዜጣው አንዱ ፊት ወደ እኛ፣ ሌላው ወደ ጭቃው ነበር። ቦክሰኛው ያን ቀን ያሸንፍ ይሸነፍ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በአንድ ክረምት መግቢያ ላይ ወንድሜ የአባባን አቮካዶ ሊያወርድ ዛፍ ላይ ወጣ። የአቮካዶ ቅርንጫፍ አይታመንም። ሲሰበር የተሰማው ድምፅ ቀላል ነበር፣ እንደ ደረቅ እንጨት። ቀጥሎ የወንድሜ ድምፅ ተሰማ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ ነበር።

ከደዶ ወጌሻ መጡ። ልብሳቸው ቅቤ ቅቤ የሚል ዝምተኛ ሰው ነበሩ። አጥንቱን ገጥመው በቀርከሃ ስንጥር አሰሩት። ወንድሜ ግድግዳው ሥር ባለው አልጋ ላይ ተኛ። ወራት አለፉ። ወጌሻው ተመልሰው መጥተው ፈቱት፣ ዳሰሱት፣ አባቴን ወደ በሩ ወሰዱት።

"አጥንቱ ገጥሟል" አሉት። "የቀረው የልጁ ልብ ነው። አሁን ካልረገጠበት ጉልበቱ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ እኔን አትጥሩኝ።"

ወንድሜ ግን አልረገጠም። አባቴ ሲያነሳው ይጮኻል። እናቴ ስትለምነው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። የሰፈር ልጆች በመስኮት ብቅ እያሉ "አልጋ ጠባቂው እንዴት ነው?" ይሉታል። "ከናንተ ጎል አልጋ መጠበቅ ይሻላል" ይላቸዋል። ይስቃሉ፣ እሱም ይስቃል። ሲሄዱ ግን ብርድ ልብሱን ይከናነባል።

ከአልጋው ራስጌ፣ ልክ ፊቱን ሲያዞር ዓይኑ በሚያርፍበት ቦታ፣ አንዲት ፖላንዳዊት መሰናክል ዘላይ ነበረች። ፎቶው የተነሳው ስትወድቅ ነው። መሰናክሉ ተጋድሟል፣ እሷ በክርኗና በጉልበቷ መሬት ላይ ናት፣ ሌሎቹ ከፊቷ እየራቁ ነው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ የውድድሩን ነገር ጥቂት ይተርክና "አትሌቷ ከወደቀች በኋላ ግን" ብሎ ያበቃል። ቀሪው በጀርባው ገጽ ነው፣ ጀርባው ደግሞ ከጭቃው ጋር ተጣብቋል።

አንድ ቀን ወንድሜ ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ "እሷ ተነስታ ከሆነ እኔም እነሳለሁ" አለ።

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ጌታን በጋዜጣ አትፈትነው" አለችው።

"ጌታን አይደለም፣ እሷን ነው" አለ ወንድሜ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለመሰናክል ዘላይዋ መጸለይ ጀመርኩ። የቤተሰብ ጸሎት ስናደርግ ሁላችንም በተራ ድምፃችንን እናሰማ ነበር። ተራዬ ሲደርስ "ጌታ ሆይ፣ የፖላንዷን ልጅ አንሳት" አልኩ። አባቴ ሳቁን በሳል ሸፈነው። በኋላ እናቴ ወደ ጓሮ ጠራችኝ።

"ያች ልጅ የወደቀችው እኮ ዱሮ ነው፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ።"

"ተነስታም ከሆነ ተነስታለች፣ ካልሆነም አልተነሳችም። አሁን ጸልየሽ ምን ይሆናል?"

"ለእግዚአብሔር ዱሮ አለበት እንዴ?" አልኳት። ከልቤ ነበር የጠየቅኳት። እናቴ "አሜን" አለች። በማግስቱ ተራዋ ሲደርስ እሷም አነሳቻት።

ወሬውን ለአባባ የነገራቸው አባቴ ነው። ልጁ የወደቀው ከእሳቸው ዛፍ ላይ ስለነበር እንደ ዕዳ ተሸክመውት ነበር፤ ማርም ወተትም ይዘው ይመላለሳሉ። አንድ ዝናባማ ከሰዓት ገብተው ከአልጋው አጠገብ ቁጭ አሉ።

"ጉርባ፣ አካም? እንዴት ነህ ልጄ?" አሉት።

"ደህና ነኝ አባባ።"

"ወላሂ ደህና አይደለህም። እኔ በሰባ ዓመቴ ግቢ ለግቢ እሮጣለሁ፣ አንተ እንደ ሙሽራ ተጋድመሃል።" ከዚያ ፎቶውን አዩ። "ይቺ ናት?"

"እሷ ናት።"

ወደ አባቴ ዞሩ። "ግድግዳው የማን ነው?"

"የእርስዎ" አለ አባቴ።

"እንግዲያው ላጠው።"

እናቴ "ባይሆን ይሻላል" አለች። ፈርታ ነበር። መልሱ ክፉ ቢሆንስ? አባቴም እሷን አየ፣ ወንድሜንም አየ። ወንድሜ በክርኑ ቀና ብሎ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀና ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አባቴ የእሱን ዓይን ካየ በኋላ ውኃ እንዳሞቅ ነገረኝ።

ጨርቁን ለብ ባለ ውኃ እየነከረ ወረቀቱን አራሰው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የራሰ ሙጫና የራሰ አፈር ሸተተን። ጆንያ የሚሸከሙት እጆቹ ያን ያህል ቀስ ማለት እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። ከአንድ ጥግ ጀምሮ በጥፍሩ እያነሳ፣ እየተነፈሰበት፣ እንደገና እያራሰ ላጠው። ከእግሯ በኩል ትንሽ ተቀደደ። የቀረው ሙሉውን ወጣ። ከጀርባው ጭድ ነበረበት። እሱን በጣቱ ጠርጎ ለወንድሜ ሰጠው።

ወንድሜ ወደ በሩ ብርሃን አዘንብሎ ፈለገ፣ ፈለገ፣ አገኘው። ጮክ ብሎ አነበበ።

"መነሳት አልቻለችም። ጉልበቷ ላይ ጉዳት ስለደረሰባት በቃሬዛ ተጭና ከሜዳ ወጥታለች።"

ከዚያ በኋላ የተጻፈው ስለ ሌላ ውድድር ነበር።

እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እየጸለየች እንደሆነ አውቃለሁ። አባባ መቁጠሪያቸውን ያዙ። እኔ የማደርገው ጠፋኝ፤ ያን ሁሉ ጸልዬ ሴትዮዋ አልተነሳችም። ወንድሜ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አስቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ።

አባቴ እርጥብ ጨርቁን ጨመቀ። በበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ሰቀለው። ከዚያ መጥቶ ከአልጋው ፊት ቆመ።

"እኛ ቃሬዛ የለንም" አለ። "ተነስ።"

መጀመሪያ የሳቁት አባባ ናቸው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንድሜ ዓይኑን ገልጦ አባቴን በቁጣ አየው። "ምን ያስቃል?" አለ። "የሚያስቅ ነገር የለም!" እያለም እሱ ራሱ ፈነዳ። እንዲያ እየሳቀ እንባው ይወርድ ነበር። አባቴ ክንዱን ዘረጋለት። ወንድሜ ያዘው።

"ካኢ!" አሉት አባባ፣ ተነስ ማለታቸው ነው። "ካኢ፣ ጉርባ! ጃባዱ! በርታ!"

እግሩ ወለሉን ሲነካ ጮኸ። አባቴ አልለቀቀውም፣ ወንድሜም አልተመለሰም። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎ እንጨት እንደሚገፋ ሰው እግሩን እየገፋ ክፍሉን ተሻገረ። ወዲያኛው ግድግዳ ሲደርስ መዳፉን ክብደት አንሺው ደረት ላይ አድርጎ ቆመ፤ ላቡ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

"አልሃምዱሊላህ" አሉ አባባ።

"ጌታ ይመስገን" አለች እናቴ። ሁለቱ ቃላት እኩል ወጡ።

ያን ምሽት ተራዬ ሲደርስ ለፖላንዷ ሴት ጉልበት ጸለይኩ። እስካሁንም ትዝ ስትለኝ ስሟን አነሳለሁ። በሕይወት ካለች አርጅታለች። እሷ እኛን አታውቀንም።

ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ወንድሜ ሯጭም ኳስ ተጫዋችም አልሆነም። ዛሬ አሰንዳቦ መንገድ ዳር የልብስ ስፌት ቤት አለው፤ ፔዳሉን የሚረግጠው በደህናው እግሩ ነው። ስለዚያ ክረምት አናወራም። እኔ በልቤ አመሰግናለሁ፣ እሱ የሚያደርገውን አላውቅም።

አባቴ ያረፈው ካቻምና በክረምት ነው። የመቃብሩ ቦታ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ወንዶችና የሰፈሩ ሙስሊሞች ሳጥኑን እየተቀባበሉ ወሰዱት። አራቱም ማዕዘን በየጥቂቱ ሰው ይለወጥበታል፤ ወንድሜ የያዘው ግን አልተለወጠም። አንድ ጎረምሳ ቀርቦ "ጋሼ፣ ላግዝዎት" አለው። ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ።

እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ነበርኩ። ወንድሜ በረገጠ ቁጥር ሳጥኑ በእሱ በኩል ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ቀና ይላል። ዝቅ፣ ቀና፣ እስከ ዳገቱ ጫፍ። ጎረምሳው ዳግመኛ አልጠየቀውም። ሌሎቹ ሦስቱ ተሸካሚዎች ቀስ በቀስ እርምጃቸውን ከእሱ ጋር አስተካከሉ።