ያው ሸራ
ኮድቡር ሰፈር ባለው የኪራይ ቤታችን ጁምዓ ከሰዓት እኔና ባለቤቴ ፊልም እናያለን። ባለፈውም ሳምንት ባለቤቴ ማለቂያ የሌለውን የመኪና ፊልም አዲስ ክፍል ከዋሄን ገበያ በፍላሽ አስጭኖ መጣ። ያረጀው የፊልሙ ጀግና ጋራዡን ከፍቶ አቧራ የለበሰውን ሸራ ቀስ አድርጎ ገፈፈ፤ ቀይዋ አሮጌ መኪና ታየች። ወዲያው የሚያባባ ሙዚቃ ተለቀቀ። ባለቤቴ «ወላሂ፣ ድሮ ቀረ!» ብሎ እንባውን ጠረገ።

እኔ ግን ታከተኝ። ይሄ ሸራ ስንት ጊዜ ነው የሚገፈፈው? ፊልም ሠሪዎቹ የሚነግሩን ሲያጡ እሱን ይገፍፉልናል፤ እኛም እንደታዘዝን እንተክዛለን።

«ለመሆኑ ምኑ ነው የናፈቀህ?» አልኩት።

«ባለፈው ክፍልም ሸራውን ሲገፍፈው አልቅሼ ነበር» አለ።

«በመጀመሪያው ክፍልስ በመኪናዋ ምን ሠራባት?»

«የመጀመሪያውን እንኳ አላየሁትም» አለኝ።