በግሌንዴል ትሮሊ ላይ ያሳፈርኩት ሰው

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ እዚህ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። እናንተ ፊቴን ስለማታዩ ለእናንተ ይቀለኛል። በአንድ ሽማግሌ ጽሑፍ ውስጥ ያልነበረ ሰው ጨመርኩ። ሲጠይቁኝም ዋሸሁ።

ጋሼ በላቸው እዚህ አሜሪካ ታክሲ ነጂ ነበሩ። በየማክሰኞው አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ከግሌንዴል ወደ ሐኪም ቤት ያመላልሱ ነበር። የሴትዮዋ አባት፣ ግሌንዴል ገና ትንሽ ከተማ ሳለች፣ ከዚያ እስከ በርባንክ ትሮሊ ይነዳ ነበር፤ ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ ኤሌክትሪክ እየሳበ በሐዲድ የሚሄድ ባቡር ማለት ነው። ሐዲዱ ከተነቀለ ስንት ዘመኑ። ሴትዮዋ ግን ከኋላ ወንበር ሆነው ፌርማታውን አንድ በአንድ ይነግሯቸዋል፣ ጋሼም ካደረሷቸው በኋላ መኪናቸውን ጥግ አስይዘው በአማርኛ ደብተር ላይ ያሰፍሩታል።

እኔ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ማተሚያ ቤት ውስጥ አማርኛ እተይብ ነበር። ደብተሩን ሲሰጡኝ፣ «ልጄ፣ ታይፕ አድርጊልኝ። ግን ምንም ቼንጅ እንዳታደርጊ፣ ኦኬ?» አሉኝ። እሺ አልኩ።

አንድ ቀን ቦታውን ላሳይሽ ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ዛሬ ሳስበው በሕልሜ ያየሁት ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይዋ ለስላሳ ናት፣ በመንገዱ መሐል ሰፊ ሣር አለ። ጋሼ መኪናውን እያዘገሙ፣ «እዚህ ዳቦ ጋጋሪዋ ትወርዳለች፤ እዚህ ነጂው ባቡሩን አቁሞ ለልጁ ብርቱካን ይቀጥፋል» ይሉኛል። እኔም አየሁት። ባቡሩ ድምፅ ሳያሰማ በአጠገባችን አለፈ፣ የተሳፋሪዎቹ ባርኔጣ በመስኮት ታየኝ፣ ሽቦው ሲርገበገብ ቆየ። ደስ አለኝ። ጥፋቴ የተጸነሰው ምናልባት ያን ጊዜ ይሆን? ወይስ ይህም ሰበብ ነው?

የጽሑፉ የመጀመሪያ ክፍል ለዘመን መለወጫ በሚወጣው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን መጽሔት ላይ እንዲታተም ተወሰነ። መቼም እኛ ስለ ጨረቃ ታሪክ ቢነገረን እንኳ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የኛ ሰው የለበትም?» ብለን ነው። የመጽሔቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ እትዬ ጽጌም ያንኑ ጠየቁኝ። «ጥሩ ነው። ሶ፣ የኛ ሰው ከሌለበት ማን ያነበዋል?» አሉ።

እኔ ምን አደረግሁ? ለጋሼ ደወልኩ? አልደወልኩም። ድሬዳዋ ሐዲድ ሲያነጥፍ ቆይቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ የመጣ፣ ወልደ ማርያም የሚባል ሐዲድ ሠራተኛ ፈጠርኩ። አንድ አንቀጽ ብቻ። ጢም አወጣሁለት። ፌርማታ ላይ ቆሞ ለተሳፋሪ ባርኔጣውን ሲያነሣ ጻፍኩ። እኔ የፈጠርኩት ነውና ወደድኩት።

መጽሔቱ ሲወጣ ስለ ትሮሊው ያወራ የለም፤ ወሬው ሁሉ ወልደ ማርያም ሆነ። በበዓሉ ቀን ጋሼን መድረክ ላይ አውጥተው ስለ እሱ እንዲናገሩ ጠየቋቸው። ማይኩን መልሰው ሰጡ። ከዚያ ወርደው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ይኼን እኔ ነኝ የጻፍኩት?»

እትዬ ጽጌ አጠገቤ ቆመዋል። ፈራሁ። አፈርኩ። «እርስዎ ነዎት እንጂ፣ ጋሼ። ደብተርዎ ላይ አለ» አልኩ። ደብተሩ እኔ ዘንድ ነበር። አምጪና አሳዪኝ አላሉም። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ «ረስቼዋለሁ ማለት ነው» አሉ።

በዚያው ሳምንት ታክሲውን ተዉ። አእምሮዬ ከከዳኝ ሰው ጭኜ ድራይቭ ማድረግ የለብኝም አሉ። አሮጊቷን ከዚያ ወዲያ ማን እንዳመላለሳቸው አላውቅም። ታሪኩም ተቋረጠ፤ በርባንክ ሳይደርስ ቀረ። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ለፋሲካ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ንጋቱ በራሱ ይመጣል፤ እውነቱን ግን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ዘንድሮ አረፉ። ለቅሶ ስደርስ ሴት ልጃቸው ሰናይት አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባዬን ሦስቴ ዶክተር ጋ ወሰድኩት» አለችኝ። «ሜሞሪው ፐርፌክት ነው አሉኝ። እሱ ግን አላመነም። ‹ዶክተሩ ምን ያውቃል? ያቺ ልጅ አትዋሽም› ይል ነበር።»

ከዚያ እጄን ይዛ፣ ጽሑፉን ስለተየብኩለት አመሰገነችኝ። ያን ጊዜም እውነቱን አልነገርኳትም።

ልጅ ነበርኩ አልልም። እትዬ ጽጌ ናቸው ያሳሳቱኝ አልልም። ይቅርታ ልለምናቸው የሚገባኝ ሰው አፈር ለብሰዋል፣ እናንተም በእሳቸው ፈንታ ይቅር እንድትሉኝ አልጠይቅም። መጽሔቱ በእጁ ያለ ሰው ካለ ይህን ብቻ ይወቅልኝ። ወልደ ማርያም የሚባል ሰው አልነበረም። ጋሼ በላቸው ምንም አልረሱም ነበር።