የግንዱ ቤት ዕድሜ

ክልሉ ከተቋቋመ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ የቤት መዝጋቢ ሆኜ ተመደብኩ። ጎረምሳ ነበርኩ፤ እስክሪብቶዬን ከደረት ኪሴ የማልለይ፣ በትክክለኛነቴ የምመጻደቅ።

የምኖረው አንድ የበርታ ሽማግሌ ቤት አንዷን ክፍል ተከራይቼ ነበር። ቤቱን የሠሩት አባታቸው ናቸው፤ ግድግዳው ጎን ለጎን የተተከለ ወፍራም ግንድ ነው። በዚያ አገር ደግሞ ምስጥ እንጨት አያስተርፍም። ስለዚህ ሽማግሌው እንደ አባታቸው ሁሉ፣ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ቤቱን እየዞሩ እያንዳንዱን ግንድ በመጥረቢያ ጀርባ ያንኳኳሉ። ውስጡ የተበላው ተነቅሎ በምትኩ አዲስ ይተከላል። አንድ ዓመት እኔም አብሬያቸው ግንድ ተሸክሜያለሁ።

ከዚያ መመሪያ መጣ። ከክልሉ በፊት የተሠራ ቤት ካርታ ያገኛል፤ ከዚያ ወዲህ ያለፈቃድ የተሠራ ይፈርሳል። ወረቀት የሌለው ቤት ዕድሜው በግድግዳው እንጨት ይገመታል። የእሳቸው ተራ ሲደርስ ለአከራዩ አደላ እንዳልባል ፈራሁ። ግንዶቹን አንድ በአንድ እያሳየሁ መቼ እንደተተከሉ ጠየቅኳቸው። መዋሸት የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ይሄ ዓምና፣ ያ ካቻምና፣ ይሄኛው ካንተ ጋር እያሉ ነገሩኝ። ከክልሉ በዕድሜ የሚበልጥ ግንድ አንድም አልተገኘም።

እንደነገሩኝ ጻፍኩ። ቅጹ ላይ የቤቱን ታሪክ የሚጠይቅ ቦታ አልነበረም፤ ጀርባው ግን ባዶ ነበር። እዚያ ላይ አባትየውንም ምስጡንም ብጽፍ ማን ይከለክለኝ ነበር? አልጻፍኩም።

የማፍረሻው ትእዛዝ ሲወጣ ደንግጬ ወደ አለቃዬ ሮጥኩ። ቅጹን አውጥቶ ፊርማዬን አሳየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ቤቱ ከቀትር በፊት ፈርሶ አለቀ። ሽማግሌው ማንጎው ሥር፣ ከፈራሹ ግንድ አንዱ ላይ ተቀምጠዋል። የእሳቸውም የእኔም ዕቃ አጠገባቸው ተከምሯል፤ የእኔን ፍራሽ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ስድባቸውን ልቀበል አንገቴን ደፍቼ ቀረብኩ።

«ዛሬ የት ነው ማደር አንተ?» አሉኝ። «ወንድሜ ቤት ጠባብ ነው። ግን ና፣ እንጠጋጋለን።»

ምነው በረገሙኝ ኖሮ።