ሁለቱ ጠባቂዎችና የውኃ ቦቴው

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት አስተማሪ ላፕቶፕ ይዛ ወደ ሱቄ መጣች። ነገሌ ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ሰዎች የማሽናቸውን ችግር የሚነግሩኝ የቤተሰብ ሕመም እንደሚነግሩ ሆነው ነው። «ጋሽ ሊበን፣ ይኼ ነገር ሊሞትብኝ ነው» አለችኝ። «እሱ እስኪከፈት እኔ ሽንኩርት ከትፌ ወጥ እጥላለሁ።»

ከፈትኩት። ከታች ጥግ ላይ የሁለት ፀረ ቫይረስ ፕሮግራሞች ምልክት ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንዱ ከላፕቶፑ ጋር የመጣ ነው፤ ሌላውን ወንድሟ ከሞያሌ ሲመጣ ጨምሮላታል።

«ሁለት ቢሆኑ አይሻልም ብዬ ነው እኮ ጋሼ። አንዱ ቢያንቀላፋ ሌላው ያያል።»

ትዝታ ወደ እኔ የሚመጣው በአፍንጫዬ በኩል ነው። እዚያው የተሰነጠቀው ጠረጴዛዬ ላይ የጀነሬተር ጭስ፣ ቀይ አቧራና የሞተ ከብት ሸተተኝ።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ሰዎች የጣሏቸውን አሮጌ ማሽኖች እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው የለመድኩት፤ አንድ ብሎን ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣ ካላስታወስኩ ምግብ አይወርድልኝም ነበር። ብዙ አልናገርም፤ አሁንም ያው ነኝ። ከተማው ውስጥ ያለ አንድ የእርዳታ ቢሮ ማሽኑ ሲያስቸግረው ይጠራኝ ነበር።

የዚያን ዓመት ጋና የምንለው የበልግ ዝናብ ቀረ። ከሱ በፊት የነበረው የመኸሩ ሀጋያም ደመናውን አሳይቶን ሄዶ ነበር። መጀመሪያ ወተት ከገበያ ጠፋና ሻያችን ጠቆረ። ቀጥሎ ከገጠር የሚመጣው ሰው በዛ፤ የሚነዳው ከብት ግን አነሰ። ከከተማው ትንሽ ወጣ ሲባል በመንገዱ ዳርና ዳር የወደቁ ከብቶች ነበሩ፤ ውሾቹ እንኳ ጠግበው ዝም ብለው ያልፏቸዋል።

በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ቢሮው አስጠራኝ። ስደርስ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ ባዶ ቢጫ ጀሪካን እግራቸው ሥር አስቀምጠው ተቀምጠዋል። አባ ቦሩ ይባላሉ። ከነገሌ በስተደቡብ፣ ከመኪና መንገድ ርቆ ካለ ኦላ ነው የመጡት፤ ኦላ የከብት አርቢዎቹ መንደር ነው። የመንደራቸው ኩሬ ደርቋል። ጉልበት ያላቸው ወጣቶች የተረፈውን ከብት ይዘው ውኃ ፍለጋ ሄደዋል። የቀሩት መሄድ የማይችሉት ናቸው። ከነሱ መሀል የሽማግሌው ልጅ ቱሜ አለች፤ ገና መውለዷ ነው፣ ቆማ መራመድ አልቻለችም። አባ ቦሩ የመጡት ውኃ የሚያመላልስ ቦቴ እንዲላክላቸው ሊጠይቁ ነው።

«ናጋ?» አልኳቸው፤ ሰላም ነው ወይ ማለቴ ነው።

«ናጋ» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም ናጋ አልነበረም።

ቦቴዎቹን የሚያከፋፍለው ሌላ ከተማ ያለ ማስተባበሪያ ቢሮ ነው። በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ የደረሰውን ጥያቄ አይቶ መኪኖቹን ይመድባል፤ ቀኑ ደግሞ ያው ዕለት ነበር። በስልክ አይቀበልም፤ ጥያቄው የዳሰሳ ፋይሉን አያይዞ በኢሜይል መምጣት አለበት። ፋይሉ ተዘጋጅቷል፤ ያለው ግን አንዲት ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ኮምፒውተሯ ደግሞ ፋይሉ ሲነካ ድርቅ ትላለች። የከተማው መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ በአካባቢው ጀነሬተር ያለው ያ ቢሮ ብቻ ነበር።

ችግሩን ለማየት ብዙ አልፈጀብኝም። ማሽኗ ላይ ሁለት ፀረ ቫይረስ አለ፤ ሁለቱም ሙሉ ቀን ነቅተው ይጠብቃሉ። አንዱ ፋይሉን ሊመረምር ሲከፍት፣ ሌላው «ማነው የከፈተው?» ብሎ ያንኑ ፋይል ይይዛል። ያኛው ደግሞ የዚህን መያዝ አይቶ እንደገና ይመጣል። ከፍላሽ የገባ ቫይረስ አንዱ ይዞ፣ የተያዘ ነገር በሚታሰርበት ማቆያ ውስጥ ሲቆልፍበት፣ ሌላው እዚያው ማቆያ ውስጥ ያገኘውና ይጮኻል። ማሽኗ እነሱን ስታስታርቅ ትንፋሽ ያጥራታል።

«አንዱ መነሳት አለበት» አልኩ።

አቶ ታምራት የቢሮው ኃላፊ ነው፤ የሐገረ ማርያም ሰው፣ ሳቂታ፣ በዚያ ቀን ግን ያልሳቀ። «የትኛው?»

«የትኛውም።»

«የኛውን እንዳትነካ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የተጫነው፣ ከነሱ ፈቃድ ውጭ አይነሳም ብለዋል። ነገ ደውለው እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

ሲስተር ማርታ የጤናውን ሥራ የምትመራ ናት፤ ቢሮውን የሚጋራው የሌላው ድርጅት ሠራተኛ። ኮምፒውተሯን የገዛው የእሷ ድርጅት ነው። «የኛም አይነሳም» አለች። «ማሽኑ የተሰጠው የኛ ፕሮግራም ይኑርበት ተብሎ ነው። ፈርሜያለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ዛሬ ፊርማ አስታወስሽ!»

«አንተ ያልፈረምከውን ስትፈራ፣ እኔ የፈረምኩትን ብፈራ ምን ይገርምሃል?»

ሁለቱ እሁድ እሁድ በአንድ መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው የሚዘምሩ ሰዎች ናቸው። ክፉዎች አልነበሩም፤ ይኼን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። እያንዳንዳቸው እንዲጠብቁ የተሰጣቸውን ይጠብቁ ነበር። ታምራት አዲስ አበባ ደወለ፤ የሚፈቅደው ሰው ስብሰባ ላይ ነው አሉት። ማርታም ደወለች፤ መስመሩ ተቆረጠ። ደግሞ ተጨቃጨቁ። ግቢው ውስጥ ጀነሬተሩ ነዳጅ ይጠጣል፤ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ከግድግዳው ወደ ወለሉ ወረደ። አባ ቦሩ አንዴ ታምራትን፣ አንዴ ማርታን እያዩ ቆዩና በጣታቸው ጠሩኝ።

«እነዚህ ሁለቱ ምን ያጣላቸዋል?» አሉኝ በኦሮምኛ።

«ዕቃው ሁለት ጠባቂ አለው፣ አባ ቦሩ። እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ይቅርታ ያድርጉልን።»

«ሌባው የታለ?»

«አሁን ሌባ የለም።»

ጥርሳቸውን ሳያሳዩ ሳቁ። «ተራ የሚሰጣቸው ሰውስ?»

«እሱም የለም።»

«በወጣትነቴ ዱብሉቅ ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ ውኃ ቀድቻለሁ» አሉኝ። ከታች የቆሙ ሰዎች ባልዲውን እየተቀባበሉ ወደ ላይ የሚያወጡበት፣ ጥልቅ የሆነው ጉድጓድ ነው። «የማን መንጋ መቼ እንደሚወርድ የሚናገረው አባ ሄሬጋ ነው። አንድ ቀን እሱ ታሞ ቀረ። ሁለት መንጋ አንድ ላይ ወረደ። ሁለቱም የጠማቸው ናቸው፤ ጥፋት የላቸውም። ገንዳው ፈረሰ። ያን ቀን ከብቱ የጠጣው ጭቃ ነው።» ዱላቸውን ወደ ኮምፒውተሯ ቀሰሩ። «አንዱን ማባረር ካልቻልክ፣ ተራ አስጠብቀው።»

እንዴት ቀድሞ እንዳልታየኝ እንጃ። ማንሳት እንጂ ማስጠበቅን አላሰብኩም ነበር። ማርታን ጠራኋት።

«የእናንተ ፕሮግራም አይነሳም። ሙሉ ቀን ዘብ መቆሙን ብቻ ላስቀርበት። በምሳ ሰዓት፣ ማንም በማይሠራበት፣ ነቅቶ ማሽኑን ሁሉ ይፈትሻል።»

«አይነሳም?»

«አይነሳም። ተራውን ይጠብቃል።»

ታምራትን ዞር ብላ አየችው። «እሺ» አለች፤ ድምጿ ደክሞ ነበር።

የታምራቱን ፕሮግራም በር ላይ ቋሚ አድርጌ ተውኩት። ከዚያ የአንዱን ፎልደር ለሌላው አሳየሁት፦ ይኼ የባልንጀራህ ቤት ነው፣ አትፈትሽ፣ ማቆያውንም አትንካ። ለሁለቱም እንዲሁ አደረግኩ። ማሽኗን አጥፍቼ ከፈትኳት። ፋይሉ ተከፈተ። ማርታ አያይዛ ላከችው።

መልሱ ቶሎ መጣ። የዚህ ሳምንት ቦቴዎች ተመድበው አልቀዋል፤ ጥያቄያችሁ በሚቀጥለው ዙር ይታያል ይላል።

ወደ ኦሮምኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። አባ ቦሩ እስክጨርስ ሰሙኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ታምራት ጀሪካናቸውን ከቢሮው በርሜል ሞላላቸው፤ በዚያ መንገድ የሚሄድ አይሱዙም ለምኖ አገኘላቸው። ማርታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

በሚቀጥለው ዙር ቦቴው ሲወጣ፣ ታምራት ከሾፌሩ ጋር ሄጄ መንደሩን እንዳሳየው ላከኝ። ምሳ መንገድ ዳር በላን፤ ሥጋ የሌለው ፓስታና ጥቁር ሻይ። ከዋናው መንገድ ከወጣን በኋላ ቀይ አቧራው የመስተዋቱን ፊት ሸፈነው፤ ግራሩ ቅጠል የለውም፤ ሾፌሩ በሚሸትበት ቦታ ሁሉ መስኮት መዝጋቱን ተወ። መንደሩ ስንደርስ ልጆች አልሮጡልንም።

አባ ቦሩ ቆመው ጠበቁን። አንዲት አሮጊት ቀረብ ብላ ቱሜን በአገጯ አሳየችኝ። ጎጆው ጥላ ሥር ተቀምጣለች፤ እጇ ጭኗ ላይ ተዘርግቷል፣ ያቀፈችው ነገር የለም። ጡቷ ደርቆ ነበር፤ ሕፃኑን የቀበሩት በዋዜማው ነው። አሮጊቷ ይኼን ስትነግረኝ የውኃው ቱቦ መንጠባጠብ ጀምሮ ነበር።

ሽማግሌው ቦቴው አጠገብ ሄዱና ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። መጀመሪያ የታመሙትን ጠሩ። ቀጥሎ ሕፃን የያዙ እናቶችን። ከዚያ ሽማግሌዎችን። ማንም አልተገፋፋም። ቱሜን ከእናቶቹ ጋር አልጠሯትም። ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸውም አዩዋት። ከሌሎቹ ሴቶች ጋር፣ ተራዋ ሲደርስ፣ በስሟ ጠሯት። አሮጊቷ ደግፋ አመጣቻት።

ልንመለስ ስንል ሽማግሌው ወደ እኔ መጡ።

«እነዚያ ሁለቱ» አሉኝ፣ «አሁን ተራ ይጠብቃሉ?»

«ይጠብቃሉ፣ አባ ቦሩ።»

«ደግ» አሉና ወደ ሰልፉ ተመለሱ።

እውነት ነበር። ያቺ ማሽን አርጅታ እስክትጣል ድረስ ሁለቱ ፕሮግራሞች አንድ ቀን አልተጋጩም። ታምራትና ማርታም መዘመሩን አልተዉም፤ የዚያ ጠዋት ነገር ግን በመካከላችን ተነስቶ አያውቅም። ዛሬ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሌላ ጠባቂ መኖሩን ሲያዩ ራሳቸው ገለል ይላሉ፤ የአስተማሪዋ ግን ገለል ያላለ ዓይነት ነበር። እኔም ያንኑ አደረግኩ፤ አንዱን በር ላይ፣ ሌላውን በሰዓቱ፣ የአንዱን ቤት ለሌላው ክልክል። ቅንብሩን አንድ በአንድ መልሼ አየሁ፣ ደግሜም አየሁ። አስተማሪዋ ሰዓቷን ተመለከተች።

«ለዚህች ለዚህች ምን ያቆይሃል ጋሼ?»

«ተራ እያስያዝኳቸው ነው» አልኳት።

ሳቀች። ላፕቶፑ ቶሎ ሲከፈትላት ደስ ብሏት፣ አመስግናኝ ሄደች። ተራው ሳይደርሰው ስለቀረው ሕፃን ግን አልነገርኳትም።